የኖራውን መስመር ያልረገጠው

ይድረስ ለልጄ፤

ብዕሩን የያዘው ታናሽ ወንድምሽ ነው። እጁ የእሱ፣ ቃሉ የእኔ ነው። ከአፌ የወጣውን ሁሉ አንዳች ሳያስቀር እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ፤ ካሳለኝም «ሳለ» ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ። እንዳያሳምርልኝም አስጠንቅቄዋለሁ። ባለፈው ጉልበቴ ሊነቀል ነው ያልኩትን «መጠነኛ የጉልበት ሕመም ይሰማኛል» ብሎ ጻፈልሽ፤ አንቺም መጠነኛ ቅባት ላክሽልኝ። ዛሬ መጠነኛ የሚባል ነገር የለም።

እንደምን ከርመሻል? እንቅልፍሽስ ተመለሰልሽ ወይ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ እያጎነበስሽ ያምሽ የነበረው ወገብሽ እንዴት ሆነ? አብራሽ የምትኖረዋ፣ ያቺ ሳቂታዋ ሴትዮ፣ ደኅና ናት? እኔ ከዓይኔና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጥርሴ አሁንም የራሴ ነው። ሜዳውም ደኅና ነው፤ ዝናቡ ሣሩን አሳምሮታል፤ ጎሉ ፊት ያለው ራሰ በራ ቦታ ግን እንደ እኔ አናት ነው፣ ቢያጠጡትም አይበቅልም። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ተቆጥቻለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የወንድምሽ ስለሆነ ነው። ደግሞም ስልክ የእኔን ቁጣ አይችልም፣ መሃል ላይ ይቆረጣል። ደብዳቤ አይቆረጥም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

መጀመሪያ የተቆጣሁት አንቺን ነው። ወሩ ሲያልቅ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ፣ ከእንግዲህ ኳስም የለ፣ የሰው ነገር እየተከታተሉ መመርመርም የለ፣ እዚሁ ፋብሪካ አጠገቤ ትሠራለች ማለትሽን ወንድምሽ ነገረኝ። የክለቡን መረብ ሰርቃ ከቡድኑ ተባረረች ብሎ የደወለልሽም እሱ ነው። ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ አይክድም። እሺ፣ እሱስ ነገረሽ፤ አንቺስ? እኔን አልጠየቅሽኝም። እሷንም እውነት ነው ወይ አላልሻትም። ሰው የጎረቤቱ ድመት ሥጋ በላች ሲባል እንኳ እስቲ አፏን ልየው ይላል። አንቺ የገዛ ልጅሽን አፍ አላየሽም።

ልጅሽን አታውቂያትም። አልፈርድብሽም፤ ሥራ ነው ያራቀሽ። ከማታውቂ ግን እኔ ልንገርሽ። እሷ ራሷ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኳት። ሰው የራሱን ምስጋና በራሱ እጅ አይጽፍም። ደግሞ ይህን ደብዳቤ ይህ እጅ እንዲጽፈው የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

ሜዳ ላይ ፌንጣ ነው የሚሏት። በረኛ ናት፤ ይህን እንኳ ታውቂያለሽ። ቀጭን ናት፣ እግሯ ግን ሽቦ ነው። ከመሬት ስትነሣ ማን እንደወረወራት አይታወቅም። ቤት ውስጥ አርፋ አትቀመጥም። ዳቦዋን ቆማ ትበላለች፣ ሻይዋን እየተንጠራራች ትጠጣለች፤ ጥያቄ ስትጠይቀኝ የበሩን መቃን ጨብጣ ተንጠልጥላ ነው። ብርጭቆ ከእጄ ቢያመልጥ መሬት አይደርስም። እዚህ ለመድረስ ስንቱን ብርጭቆ እንደጨረሰች ግን አትጠይቂኝ።

ወሬ አታበዛም። እንጃ የሚባል መልስ ግን አይዋጥላትም፤ የነገር መጨረሻ ካላየች እህል አይወርድላትም። አልጋዋ ሥር አንድ ጣሳ አላት። ውስጡ የዛገ ጓጉንቸር፣ የወለቀ የኮት ቁልፍ፣ የተቀደደ ጓንት፣ ግማሽ የጫማ ሶል አለ። ቆሻሻሽን ልጣል ስላት ከጣሳው እያወጣች ይሄ ከየት እንደመጣ፣ ያ የማን እንደነበረ ትተርክልኛለች፤ እጄ ላይ ያለውን መጥረጊያ ረስቼ ስሰማት እውላለሁ። ከትምህርት ቤት ተውሳ የምታመጣው መጽሐፍ ሁሉ ሰው የተገደለበት ነው። ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ ገዳዩን ቀድሜ ካወቅሁ ግን ታኮርፈኛለች። አብዛኛውን ጊዜ አውቀዋለሁ። ገዳዩ ከሁሉ አብልጦ የሚያዝነው ነው።

የዳቦ ጋጋሪው ብስክሌት የጠፋ ጊዜ የሆነውን ልንገርሽ። ጋጋሪው የዱቄት ቤቱን ዘበኛ ሌባ አለው፤ ሰፈርተኛውም ልክ ነው፣ ድሮም ዓይኑ አያምርም አለ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ለልምምድ የምትሮጥበትን መንገድ መለወጥ ጀመረች፤ ዛሬ በገበያው፣ ነገ በወንዙ። ምነው ስላት እግሬን አንድ መንገድ ሰለቸው አለችኝ። ለካስ ደወሉን ነው የምታዳምጠው። ያ ደወል የተሰነጠቀ ነው፤ ጉንፋን እንደያዘው ፍየል ነው የሚጮኸው። ከፀጉር አስተካካዩ ጓሮ ሕፃናት ሲያጮኹት ሰማች። ጋጋሪው ራሱ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ፣ ዝናብ ሲይዘው በሰው መኪና ተመልሶ፣ ብስክሌቱን እዚያው ረስቶታል። ሌላ ልጅ ብትሆን ብስክሌቱን አስረክባ ሽልማቷን ትጠብቅ ነበር። እሷ ጋጋሪውን እየገፋች ዘበኛው ፊት ወስዳ አቆመችውና ይቅርታ አስጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ለእኛ ቤት የሚሰጠው ዳቦ ያረረውን ነው። ግድ የለም፤ ጥርሴ የራሴ ነው ብዬሻለሁ።

ሪጎሬ ሲመታባት ኳሱን አታይም። የመቺውን እግር ነው የምታየው፤ የሚመታበትን ሳይሆን የሚቆምበትን። ሰው በፊቱ ይዋሻል፣ በዓይኑ ይዋሻል፣ የቆመበት እግር ግን መዋሸት አያውቅም ትለኛለች። ይህን ያዢልኝ፤ ኋላ ትፈልጊዋለሽ።

የምትተኛው ያንቺ በነበረው ክፍል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት። ወንድምሽ ሊያገባ እንደሆነ ሰምተሻል። እጮኛው ጨዋ ልጅ ናት፣ ወድጃታለሁ። ያንን ክፍል ስጠኝ ብሎኝ ነበር። ልጅቱ በገዛ ፈቃዷ እስክትወጣ ክፍሉ የእሷ ነው፣ አንተ የጎኑን አድሰህ ግባ አልኩት። እሺ አባዬ አለ። ለምን ቆምክ? ጻፍ። እሺ አባዬ አለ፣ ብለህ ጻፍ።

አሁን ወደ መረቡ። ክለቡ ለዋንጫው ጨዋታ አዲስ የጎል መረብ አመጣ። ወፍራም፣ ነጭ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ የሚያስፈራ። የሜዳው ጠባቂ ነኝና የተረከብኩት እኔ ነኝ። ሜዳው ዳር ካለው ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩ፤ ቁልፉ እንደ ወትሮው ቤታችን፣ ከአልጋዬ ራስጌ ሚስማሩ ላይ ተሰቀለ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለጨዋታው ብዬ መስመሩን እንደ አዲስ በኖራ አሠመርኩ፤ ማታ ካፊያ ጣለ። በማግሥቱ ዕቃ ቤቱ ሲከፈት መረቡ የለም። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። ቁልፉን ይዛ ኳሶቹን መጨረሻ ያስገባች ፌንጣ ናት። አሠልጣኙ ሌላ ሰው አልፈለገም። የሰው ነገር የምትመረምር ልጅ የሰው ነገር መውሰድም አይከብዳትም ብሎ ጓደኞቿ ፊት ተናገረ። ጓንቷን ተቀበላትና መረቡ እስኪገኝ ሜዳ እንዳትረግጪ አላት። አላለቀሰችም። ጓንቷን እንኳ አራግፋ ነው የሰጠችው።

ዋንጫው በአሮጌው መረብ ተደረገ። በእሷ ቦታ የቆመችው ልጅ ኳሱን እንደ ዘመድ እየተቀበለች ወደ ቤት አስገባችው። ተሸነፍን። ፌንጣ ከአጥሩ ውጪ ቆማ አየች። ሜዳ አትርገጪ ተብላ ነበርና አልረገጠችም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። መረቡ በጠፋ ጠዋት፣ አሠልጣኙ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጮህብኝ፣ ልጅቱ መጥረጊያዬን ይዛ ከዕቃ ቤቱ ጀምሮ እስከ ጓሯችን በር ድረስ እርጥቡን አፈር ስትጠርግ አየኋት። ሜዳ ጠርጋ አታውቅም። ቤት ጥረጊ ስትባል እንኳ ሩጫ አለብኝ የምትል ናት። ዱካ ፈላጊዋ ዱካ ስታጠፋ! ሰርቃ ነው ብዬ ግን ለአፍታ አላሰብኩም። የራሱን ዱካ የሚያጠፋ ሰው ይቸኩላል። እሷ እንደ መቃብር ነበር የምትጠርገው፤ ቀስ ብላ።

አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። ቤታችን ዝም ያለ ቤት ሆነ። ወንድምሽ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ስለ ቀለም ቅብ፣ ስለ አልጋ። ይህንንም ጻፍ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉልበቴን ፀሐይ ላስመታ ብዬ ክፍሏ ገብቼ ጋደም አልኩ። ቀና ስል ኮርኒሱ ሆዱን ነፍቷል። ዓይኔ ደካማ ነው፤ መስመር ለማስመር ሲባጎ ሲወጥር የኖረ ሰው ዓይን ግን የጎበጠ ነገር አያመልጠውም። ጠራኋትና እስቲ ወንበር ላይ ወጥተሽ ያንን ነገር እዪው አልኳት። አልወጣም አለች። ፌንጣ! ለመዝለል ምክንያት የማትፈልግ ልጅ ወንበር ላይ አልወጣም አለችኝ። ያኔ ገባኝ፤ ቀድማ አይታዋለች። አይታው፣ ከሥሩ ተኝታ፣ ዝም ብላለች።

እኔው ወጣሁ። በዚህ ጉልበቴ። በመጥረጊያው ዘንግ ኮርኒሱን ስገፋው መረቡ ሙሉውን ራሴ ላይ ወረደ። ዓሣ ሆንኩልሽ። እዚያው መረቡ ውስጥ ሆኜ ማነው አልኳት። ድምፄን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ይህ መረብ እዚህ የተቀመጠው ሲገኝ አንቺ ዘንድ እንዲገኝ ነው፣ ጓንትሽን ተቀምተሻል፣ እናትሽ ልትወስድሽ ነው፣ ለማን ብለሽ ነው የምትሸሽጊው አልኳት። ሽቦ እንደሚፈቱ መረቡን ከራሴ ላይ እየፈታች ቆየች። በኋላ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረች፦

«አባባ፣ መስመሩን አልረገጠም።»

ቁጭ አልኩ።

ልጄ፣ አንቺ ገብቶሻል። እዚህ ቤት ያደገ ሁሉ ይገባዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በዚህ ዓለም የጻፍኩት ነገር ቢኖር ያ መስመር ነው፤ ከእኔ በላይ ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ ካለ ይምጣ። ኖራው ሳይደርቅ መስመር የረገጠ ልጄ ሁሉ ልምጭ ቀምሷል። አንቺም ቀምሰሻል፣ ወንድምሽም ቀምሷል። አሁንም ስትመጪ አይሻለሁ፤ አስፋልት ላይ የተቀባ ነጭ መስመር ስትሻገሪ ሳታስቢው እግርሽን ታነሻለሽ። ከውጪ የመጣ ሌባ መስመር አይለይም። ረግጦት፣ ኖራውን በጫማው ይዞት ይሄዳል። ይኼኛው ግን ያን የሚያህል መረብ ተሸክሞ፣ በድንግዝግዝታ፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያለ፣ መስመሩ ጋ ሲደርስ እግሩን አንሥቶ ተሻገረ። ቀጥሎ ያለውንም ተሻገረ። ዓመል ያወጣል ከመሐል የሚባለው ይኼ ነው። ቤቴን ሊያፈርስ ወጥቶ መስመሬን ግን አልነካም። በዚህ ልኩራ ወይስ ልናደድ? ተናድጃለሁ።

ፌንጣ የቆመበትን እግርም አይታለች። እኔም እሷም ስንሻገር በግራ ቆመን ቀኛችንን ነው የምናነሣው። ከመስመሩ አጠገብ ጠልቆ የተተከለው ግን የቀኝ እግር ነበር፤ በግራ ጉልበቱ ላይ መቆም የማይደፍር ሰው። በልጅነቱ ከጎሉ አግዳሚ ወድቆ ግራ ጉልበቱን የተሰበረው ማን እንደሆነ አላስታውስሽም። አዝለሽው ሐኪም ቤት ድረስ የሮጥሽው አንቺ ነሽ።

ብዕሩ አልጽፍ አለኝ ይላል። ሌላ ብዕር አለ። ፌንጣ ከበሩ ላይ ሆና ወረወረችለት፤ ሳተው። አንሣና ጻፍ።

ለምን ጠረግሽው አልኳት። አንተ እንዳታየው ነው አለችኝ። ዝምታሽስ ስላት፣ እኔ ብሄድ የምሄደው እናቴ ዘንድ ነው፣ አንተ ግን እሱ ከሄደብህ ማን ዘንድ ትሄዳለህ አለችኝ። አየሽ? ጋጋሪውን ዘበኛ ፊት ይቅርታ ያስጠየቀች፣ ለእውነት ስትል ያረረ ዳቦ የምትበላ ልጅ፣ ለእኔ ስትል እውነቱን ዋጠችው። ጓንቷን ዋጠች፣ ዋንጫዋን ዋጠች፣ አንቺም ሌባ ናት ብለሽ ስታምኚ ዋጠችው። ደስ እንዲለኝ አትጠብቂ። ይህን ስሰማ የባሰ ነው የተቆጣሁት። እኔ በልጅ የምሸሸግ ሽማግሌ አይደለሁም። የመጣውን ቆሜ እቀበላለሁ።

ስለዚህ መረቡን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በጠራራ ፀሐይ ሜዳውን አቋረጥኩ። አሠልጣኙ ፊት ጣልኩለት። ከቤቴ ነው የተገኘው፣ ልጅቱ ግን አልወሰደችውም አልኩት። ታዲያ ማን ወሰደው አለኝ። የወሰደው ቅዳሜ ልምምድ ሳይጀመር ራሱ መጥቶ ይነግርሃል፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ይነግርሃል አልኩት። ካልመጣስ አለኝ። ካልመጣ ሜዳው መሃል ቆሜ ስሙን እኔ እጠራዋለሁ አልኩት። ጓንቱ እስከዚያው ከአሠልጣኙ ዘንድ ነው። የአያት ምስክርነት ለልጅ አይበቃም አለኝ። ንግግሩ አናደደኝ፤ ልክ ግን ነው።

እንግዲህ አንቺ የሚከተለውን ስሚ። ልጅቱን ልትወስጂ እንዳትመጪ። ልታያት ነይ። ጎሉ ጀርባ ወንበር አስቀምጥልሻለሁ። የቆመችበትን እግር እዪ፤ ስትነሣ እዪ፤ ከዚያ ፋብሪካ ልውሰድሽ የሚል አፍ ካለሽ ያኔ እንነጋገራለን። ስትመጪ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂያት። ጋጋሪውም ጠይቋል፣ አንቺ ከጋጋሪው አታንሺም።

የወሰደውን ሰው ስም አልጽፍልሽም። ስሙን እሱ ራሱ ነው የሚናገረው። አንቺ ግን እጁን ታውቂዋለሽ፤ ፊደል ሲጀምር አጠገቡ ተቀምጠሽ ጣቱን ይዘሽ ያስጻፍሽው አንቺ ነሽ። ይህን ወረቀት ደግመሽ እዪው፤ የት የት ላይ እንደተንቀጠቀጠ ታገኚዋለሽ።

ከቤቴ ይውጣ አላልኩም። የጎኑ ክፍል አሁንም ባዶ ነው። ኖራም ተርፎኛል፤ ለግድግዳው ይበቃል። ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ላይ ግን ማንም ዓይኑን እንዳይጥል።

ፈጣሪ ወገብሽን ያበርታልሽ። የሠራሽበት እጅሽ አይድከም፤ መንገድሽ ቀጥ ያለ ይሁን። ሌት ተቀን የምታስቢያት ልጅሽ አንቺ ከተመኘሽላት በላይ እንጂ በታች አትሁን፤ አልሆነችምም። ለዚያች ለሳቂታዋ ሴትዮ ሰላም በዪልኝ። ቅባቱን ደግሞ ጨምረሽ ላኪ፣ ያ ጨርሶ አልበቃኝም፤ ወንበር ላይ ወጥቻለሁ።

ፊርማዬ እንደ ወትሮው አውራ ጣቴ ነው።

አባትሽ

በል፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። አንዲት ቃል እንዳትዘል። ፌንጣ በሩ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ፊትህን አይደለም የምታየው፣ እግርህን ነው። ድምፅህን ከፍ አድርግ። ለቅዳሜ ያስፈልግሃል።